ድምፁ መጀመሪያ የት ይሰነጠቃል? አራት የእጅ ሥራ ቲዩብ አምፖች ክዳናቸው ተከፍቶ

«ቡቲክ አምፕ» ሲባል ቦሌ ያለ የልብስ ሱቅ ትዝ እንዳይላችሁ። በጊታረኞች አነጋገር ቡቲክ ማለት በትንሽ ወርክሾፕ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ፣ አንድ በአንድ እየተበየደ የሚወጣ ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ ዋጋውም በሺህ ዶላር ይቆጠራል። ሻጮች የሚደረድሩለት ቅጽል ማለቂያ የለውም፦ ይሞቃል፣ ይዘምራል፣ ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ግን ሁለት አምፕ መለየት አይቻልም። የሚለየው ቮልዩሙ ሲጨመር ድምፁ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው፣ ማለትም ንጽሕናውን አጥቶ መሻከር የሚጀምረው፣ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የአምፑ ጠባይ እዚያ ላይ ያልቃል። ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን በፕላስቲክ፣ ካፓሲተሩ ብርቱካናማ ይሁን ቢጫ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

እዚህ የሚመዘኑት አራቱ የተመረጡት የሚሰነጠቁበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። የኢሊኖዩ ቪክቶሪያ 20112 እና የሎስ አንጀለሱ ማችለስ ዲሲ-30 ዛሬም ከሠሪዎቻቸው የሚገኙ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የኬን ፊሸር ትሬንሬክ ኤክስፕረስ እና የአሌክሳንደር ደምብል ኦቨርድራይቭ ስፔሻል ናቸው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ2006፣ ደምብል በ2022 አርፈዋል። በእጃቸው የሠሯቸው አምፖች ሰብሳቢዎች ቤት ገብተው ስለቀሩ የሚመዘነው ሰርኪዩታቸው ነው፤ እሱን የማሌዥያው ሴሪያቶን በኪትም (ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው)፣ ተሠርቶ ያለቀውንም ይሸጣል። የደምብልን መንገድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቱ-ሮክም ተከትሎታል።

የሲግናሉ ጉዞ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ሲግናል በትንንሾቹ ቲዩቦች ያድጋል። ቲዩብ ውስጥ ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፕሌቱ ይቀበላል፣ በመካከል ያለው ግሪድ ፍሰቱን ይቆጣጠራል፤ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ያሉት ትራዮድ፣ ስክሪንና ሌላ ግሪድ የተጨመረበት ፔንቶድ ይባላል። ከዚያ ፌዝ ኢንቨርተር የሚባለው እርከን ሲግናሉን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ይገለብጠዋል። ሁለቱ ግልባጮች ትልልቆቹን ቲዩቦች በየተራ ይገፋሉ፣ የእነሱ ጉልበት ደግሞ በአውትፑት ትራንስፎርመር በኩል ስፒከሩ ላይ ይደርሳል። የመብራቱን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) ለውጦ ለሁሉም የሚያቀርበው ሬክቲፋየሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ አቅም ያጥረዋል፤ ጨዋታው እሱ ላይ ነው።

ቪክቶሪያ 20112

ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ይናገራል፦ 20 ዋት፣ አንድ ስፒከር፣ 12 ኢንች። ሰርኪዩቱ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1960 ይሠራው የነበረው፣ በመለያው 5ኢ3 የሚባለው ትዊድ ዴሉክስ ነው። የቲዩቦቹ መለያ እንዲህ ነው፦ መግቢያው ላይ 12ኤዋይ7፣ ቀጥሎ 12ኤኤክስ7፣ መውጫው ላይ ሁለት 6ቪ6፣ ሬክቲፋየሩ 5ዋይ3። 20 ዋት የሚባለው ድምፁ ከተሰነጠቀ በኋላ ያለውን ጭምር ቆጥሮ ነው፤ ንጹሑን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከ12 ዋት ብዙ አርቆ አይጠብቅ።

የዚህ ሰርኪዩት ልዩ ነገር የሚሰነጠቅበት አንድ ቦታ አለመኖሩ ነው። ሁሉም አብሮ ይዝላል። ፌዝ ኢንቨርተሩ አንድ ትራዮድ ብቻ ነው፤ ከፕሌቱ በኩል 56 ኪሎ ኦም፣ ከካቶዱ በኩል ሌላ 56 ኪሎ ኦም ተደርጎ ሲግናሉን እኩል ይከፍለዋል እንጂ አያሳድገውም። ከመውጫው ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ስህተቱን የሚያርም ፊድባክ የለውም። ትልልቆቹ ቲዩቦች ባያስ የሚደረጉት (ሲግናል ሳይኖር የሚያሳልፉት ከረንት የሚወሰነው) ለሁለቱም በጋራ በተሰጠ 250 ኦም የካቶድ ሬዚስተር ነው። 5ዋይ3 ደግሞ ከረንት በተጠየቀ ቁጥር ቮልቴጁ ዝቅ ይልበታል። ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኖታው ይጨመቃል፣ ክሩ ገና እየነዘረ ሳለ ቮልቴጁ ሲመለስ ድምፁ እንደገና ያብጣል። ትዝታን በዝግታ፣ ኖታ እያስረዘመ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ አምፕ መፈለግ ትርፍ ድካም ነው። ለፈጣን ችክችካ ግን ይህ ዝለት ራሱ ጠላት ይሆናል፤ ሪትሙ እግሩን ይጎትታል።

አዲስ ተጠቃሚን የሚያደናግረው ቮልዩሙ ነው። ሁለት ቻናል፣ ሁለት ቮልዩም፣ አንድ ቶን አለው። ጊታሩ አንዱ ቻናል ላይ ተሰክቶ የሌላኛው ቮልዩም ሲዞር ድምፁ ይለወጣል፤ መጠኑም፣ ቀለሙም። ብልሽት አይደለም። ሁለቱ ፖቴንሽዮሜትሮች የተያያዙት አንዱ ሌላውን እንዲጭን ሆኖ ነው። ያልተሰካውን ቻናል ከዜሮ እስከ መጨረሻ ቀስ እያሉ ማዞርና የሚወደደውን ነጥብ ማግኘት የዚህ አምፕ ሁለተኛ የቶን ማዞሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ጉድለቱ ቤዙ ላይ ነው። ሀምበከር ፒክአፕ (ባለ ሁለት ጥቅል የክር ድምፅ መቀበያ) ባለው ጊታር ቮልዩሙ ከግማሽ ሲያልፍ ወፍራሞቹ ክሮች ይዝረከረካሉ፣ እያንዳንዱ ምት ተከትሎት የሚመጣውን ይበላዋል። ብዙ ሰው ስፒከሩን ይወቅሳል። ዋናው ምክንያት ግን ከፌዝ ኢንቨርተሩ ወደ 6ቪ6ቹ የሚያሻግሩት ሁለት ካፓሲተሮች ናቸው። በዋናው ንድፍ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ሲሆኑ ከ220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ይሠራሉ። ግሪዱ ሲግናል በዝቶበት ከረንት መሳብ ሲጀምር ካፓሲተሩ ይሞላል፣ ቲዩቡም ለቅጽበት ይዘጋል። 0.1 ማይክሮ ፋራድ በ220 ኪሎ ኦም ሲባዛ 22 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ተዘግቶ የሚቆየው በዚያ ልክ ነው። ካፓሲተሮቹ በ0.022 ማይክሮ ፋራድ፣ 600 ቮልት በሚችል ሲቀየሩ ጊዜው ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፣ ቤዙም ይሰበሰባል። ሁለት ካፓሲተር፣ አራት ብየዳ፣ ሃያ ደቂቃ። አሮጌዎቹን መጣል አያስፈልግም፤ አምፑ ሲሸጥ ገዢው ኦሪጅናሉን ይጠይቃል።

ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚለካው ያ 250 ኦም ሬዚስተር ነው። ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ተደርጎ፣ ጥቁሩ ሽቦ ሻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ላይ፣ ቀዩ የ6ቪ6 ካቶድ ላይ። 20 ቮልት ቢነበብ፣ 20 ለ250 ሲካፈል 80 ሚሊ አምፒር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቲዩብ 40። ከዚህ ላይ ስክሪኑ የሚወስደው 2 ወይም 3 ሚሊ አምፒር ይቀነሳል። ፕሌቱ ላይ 350 ቮልት ካለ በፕሌትና በካቶድ መካከል ያለው 330 ነው፤ በቀረው 37 ሚሊ አምፒር ሲባዛ 12 ዋት ግድም ይመጣል። የ6ቪ6ጂቲ ገደብ በድሮው ሠንጠረዥ 12፣ በኋለኛው 14 ዋት ስለሆነ ይህ ጤነኛ ነው። ካቶዱ ላይ 24 ቮልት ከተነበበ ግን ቲዩቡ ወደ 15 ዋት እየበላ ነውና አይቆይም። መጀመሪያ ቲዩቦቹን፣ ቀጥሎ ሬዚስተሩን ራሱን መፈተሽ ነው። በሙቀት ብዛት ዋጋው የተዛባ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ብርቅ አይደለም።

ማችለስ ዲሲ-30

የዚህ ንድፍ ደግሞ ከእንግሊዝ ወገን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠረት የተነሳው ከእንግሊዙ አምፕ ከቮክስ ኤሲ30 ነበር፦ አራት ኢኤል84፣ በካቶድ ባያስ የተደረጉ፣ ፊድባክ የሌለው፣ 30 ዋት። ስፒከሮቹ ሁለት 12 ኢንች ሴለስቲዮኖች ናቸው፤ ሆን ተብሎ አንዱ ከጂ12ኤም፣ ሌላው ከጂ12ኤች ወገን ነው። አንዱ የመሐሉን ድምፅ ሲያጎላ ሌላው ከላይና ከታች ይሞላል።

ከ5ኢ3 የሚለየው ፌዝ ኢንቨርተሩ ነው። እዚህ ሁለት ትራዮድ ካቶዳቸውን ተጋርተው ይሠራሉ፣ ሲግናሉን ከመክፈል አልፈው ያሳድጉታል። ስለዚህ ኢኤል84ቹ ከኢንቨርተሩ ቀድመው ይሰነጠቃሉ። መጀመሪያ የሚሰማው ጫፉ ላይ ብቻ የሚፈካ፣ እንደ ደወል መረዋ የሆነ ስንጥቅ ነው፤ ኮርድ ሲመታ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይሰማል። ቤዙ አይዝረከረክም። እኛ ከአራቱ አንዱን ብቻ ለባንድ ምረጡ ብንባል ያለማንገራገር ይህን ነው። ከኪቦርድና ከነፋስ መሣሪያዎች ጋር ሲሆን ቦታውን አያጣም፣ የሌላውንም አይቀማም።

ሁለት ቻናል አለው፣ ግን እንደ ሁለት አምፕ ቁጠሯቸው። የመጀመሪያው በ12ኤኤክስ7 የሚሠራ፣ ቤዝና ትሬብል ያለው፣ በቮክስ «ቶፕ ቡስት» የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ኢኤፍ86 የተባለ ፔንቶድ ይጠቀማል። ኢኤፍ86 በአንድ እርከን 12ኤኤክስ7 ከሚያሳድገው ሁለት እጥፍ በላይ ያሳድጋል። ማዞሪያው ስድስት ቦታ ያለው የቶን መቀየሪያ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ቦታ ሌላ ካፓሲተር ያስገባል። ድምፁ ወፈር፣ ጎርነን ያለ ነው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ያለው ጊታር እዚህ ቻናል ላይ የማይጠበቅ ሰውነት ያወጣል።

ችግሩም እዚያው ነው። ኢኤፍ86 ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች በንዝረት ይርገበገባሉ፣ ይህ ርግብግብታ ደግሞ እንደ ሲግናል ያድጋል። አምፑ ኮምቦ (ከስፒከሮቹ ጋር በአንድ ሳጥን ያለ) ከሆነ ቲዩቡ የተተከለው ሁለት ስፒከር ከሚያናውጠው ሳጥን ጋር ነው። ምልክቱ ከኖታው ጋር አብሮ የሚሰማ፣ ብርጭቆ በማንኪያ እንደተመታ ያለ ድምፅ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቮልዩሙን ግማሽ ላይ አድርጎ ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ መምታት። «ቱክ» ብሎ ካቆመ ደህና ነው፤ «ቲንንን» ብሎ ከቀጠለ ሌላ ቲዩብ ያስፈልጋል። ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቀለበት ቲዩቡ ላይ ማድረግ ይረዳል፣ ቲዩቡ ፈጽሞ ከተበላሸ ግን አያድነውም። የሶቪየት ዘመን 6ዤ32ፔ ያው ኢኤፍ86 ነውና ከተገኘ ይሞከራል። ዲሲ-30 ስፒከር በሌለው በሄድ ዓይነት ተገዝቶ ከስፒከሩ ካቢኔ ወርዶ ሲቀመጥ ጣጣው በግማሽ ይቀልላል።

«ከት» የሚለው ማዞሪያ ሌላው ያልተጠና ነገር ነው። ትሬብል ቻናሉ ውስጥ ይሠራል፤ ከት ግን ከፌዝ ኢንቨርተሩ በኋላ ነው የሚቀመጠው። በኤሲ30 ንድፍ 4700 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ከማዞሪያው ጋር ሆኖ ሁለቱን ግልባጮች ያገናኛል፤ ቀጫጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ ስንጥቁ ራሱ ሲሻክር የሚያለሰልሰው ከት ነው። በድሮዎቹ ቮክሶች ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይደበዝዛል እንጂ አይደምቅም፤ ሰው ሁሉ አንዴ ይሳሳትበታል።

ኢኤል84ቹ የሚሠሩት ጠንክረው ነው። የዚህ ቲዩብ ገደብ 12 ዋት ሲሆን በኤሲ30 ዘር አምፖች ከዚያ ማለፍ የተለመደ ነው። በ50 ኦም የጋራ ካቶድ ሬዚስተር ላይ 10 ቮልት ቢነበብ 200 ሚሊ አምፒር ነው፤ ለአንዱ 50። የስክሪኑ ተቀንሶ፣ በ310 ቮልት ሲባዛ 14 ዋት ግድም ይሆናል። ቲዩቡ እድሜውን ከፍሎ የሚሰጠው ድምፅ ነው ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለሚሠራ ሙዚቀኛ አራት ትርፍ ቲዩብ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ የሚቀየሩትም አራቱ በአንዴ፣ የተመጣጠኑ ሆነው ነው። ለጠንካራ አገልግሎት የተሠራው የሩሲያ 6ፔ14ፔ-ኤቭ፣ በንግድ ስሙ ኢኤል84ኤም የሚባለው፣ ከተራው ይልቅ ይህን ጫና ይችላል። ግማሽ ጉልበት የሚያደርገው መቀየሪያ የተሠራለት ለልምምድ ነው፤ ግማሽ ዋት ግን ግማሽ ጩኸት አይደለም። በጆሮ የሚሰማው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጎረቤት አያስታርቅም።

አሠራሩ ላይ አንድ ቃል። ዕቃዎቹ ቦርድ ላይ አልተደረደሩም፤ ከሶኬት ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ማዞሪያ በቀጥታ ተበይደዋል። ይህ ድምፁን ያሳምረዋል የሚባለውን አንቀበልም። የሚያሳምረው ጥገናውን ነው። የተቃጠለ ሬዚስተር በዓይን ይታያል፣ በካውያ በሁለት ደቂቃ ይነሳል፣ ቦርዱ ላይ ያለ ቀጭን የመዳብ መስመር አብሮ ይላጣል የሚል ስጋት የለም።

ትሬንሬክ ኤክስፕረስ

ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አምፔግ በተባለው አምፕ ሠሪ ኩባንያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ኋላ ኒው ጀርሲ ሆኖ ለሠራቸው አምፖች በመለያ ቁጥር ፈንታ የሴት ስም ያወጣላቸው ነበር። ኤክስፕረስ ሁለት ኢኤል34 እና ሦስት 12ኤኤክስ7 አለው፤ ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ሳይሆን ዳዮድ ነው፣ ማስተር ቮልዩም (የፕሪአምፑን ስንጥቅ ሳይነካ ጩኸቱን የሚቀንስ ማዞሪያ) የለውም። ወረቀት ላይ ሲታይ ከእንግሊዙ ማርሻል አምፕ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ከፌዝ ኢንቨርተሩ በፊት ሦስት የማሳደጊያ እርከኖች ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ፕሪአምፑ፣ ማለትም የትንንሾቹ ቲዩቦች ክፍል፣ እና ትልልቆቹ ቲዩቦች በጣም ተቀራርበው ይሰነጠቃሉ፣ ዳዮዱ ደግሞ ቮልቴጁን አጥብቆ ስለሚይዝ የ5ኢ3 ዓይነት መዛል የለም። ጣት ሲነካ ወዲያው ይመልሳል።

አጠቃቀሙ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው። አምፑ ጮክ ተደርጎ ይተዋል፤ ሥራው በጊታሩ ቮልዩም ነው። 10 ላይ ያለቅሳል፣ 6 ላይ ይሻክራል፣ 3 ላይ ንጹሕ ነው። ጊታሩ ውስጥ ያለው የቮልዩም ፖቴንሽዮሜትር አሮጌና የሚንቋቋ ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አምፑን ከመግዛት በፊት እሱ ይቀየር። በጊታሩና በአምፑ መካከል ቡፈር (ሲግናሉን የሚያጠናክር ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል መደርደርም ግንኙነቱን ያበላሸዋል። አነስተኛ ቦታ ላይ ለመጫወት በአምፑና በስፒከሩ መካከል ጉልበቱን የሚቀንስ አቴንዌተር ግድ ነው፤ ያለእሱ ከበሮ መቺው ራሱ ያማርራል።

ኪቱን ለሚሠራ ሰው ፈተናው የሽቦው አካሄድ ነው። ሦስት እርከን ተከታትሎ ሲያሳድግ ከመጨረሻው የወጣ ትንሽ ሲግናል ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ አምፑ በራሱ ይጮኻል። ከዚህም የከፋው ጆሮ ከሚሰማው በላይ ሲሆን ነው፦ ድምፅ የለም፣ ግን ኢኤል34ቹ በሙቀት ይቀላሉ፣ ኖታው ጫፍ ላይ የዝንብ የሚመስል እዝዝታ ይንጠለጠላል። ከግሪድ ጋር የሚገናኙ ሽቦዎች አጭር ሆነው ሻሲውን ተለጥፈው ይሂዱ፤ ከፕሌት የሚወጡት ይራቋቸው፤ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። ከመግቢያው ጃክ ወደ መጀመሪያው ግሪድ ሺልድ ያለው ሽቦ ይሁን። እዝዝታው ካለ አምፑ እንደተከፈተ ሽቦዎቹን በደረቅ የእንጨት ዘንግ፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ነው፤ ጥፋተኛው ሲነካ ድምፁ ይለወጣል። ገና መጀመሪያ ሲበራ ኃይለኛ ጩኸት ከወጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ፊድባኩ ማረም ትቶ እየጨመረ ነው፤ ከአውትፑት ትራንስፎርመሩ ወደ ኢኤል34 ፕሌቶች የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ማለዋወጥ ይበቃል።

ባያሱ እዚህ የሚስተካከል ነው። ካቶዱ ላይ 1 ኦም ሬዚስተር ካለ ቴስተሩ የሚያሳየው ሚሊ ቮልት ያው ሚሊ አምፒር ነው። ኢኤል34 ገደቡ 25 ዋት ነው፤ 70 በመቶው 17.5። ፕሌቱ 400 ቮልት ከሆነ ከ44 ሚሊ ቮልት በላይ አይነበብ። ከ35 መጀመርና እየሰሙ መጨመር ይሻላል።

የደምብል ኦቨርድራይቭ ስፔሻል

ስሙ ከአራቱ ሁሉ የገነነው ይህ ነው፤ ሮበን ፎርድና ካርሎስ ሳንታና የተጫወቱበት። ኦሪጅናሉ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ታይቷል፣ ስለዚያ ዋጋ የሚባል ነገር የለንም። ሰርኪዩቱ ግን ምስጢር አይደለም፤ ደምብል ዕቃዎቹን በኤፖክሲ ሸፍኗቸው እንኳ ተገልጦ ተነቧል። ኤፖክሲው ጠጋኙን ነው የቀጣው። ሥሩ ያለ አንድ ሬዚስተር ቢቃጠል ለመድረስ መቆፈር ነው።

ንጹሑ ቻናል የፌንደር መንገድ ነው፦ አንድ እርከን፣ ቶን፣ ሌላ እርከን። ኦቨርድራይቩ (የሚሰነጠቀው ቻናል) በእግር ሲረገጥ ከእነሱ በኋላ ሁለት ትራዮዶች ይጨመራሉ፣ ድምፁ የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው። 6ኤል6ቹ ከፍ ባለ ቮልቴጅ፣ ከፊድባክ ጋር ስለሚሠሩ ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ። ውጤቱ ለስላሳ፣ ረጅም፣ ዳር ዳሩ የተሞረደ ድምፅ ነው። ነጠላ ዜማ ሲጫወቱበት ስርቅርቅ ያለ የሰው ድምፅ ይመስላል። ኮርድ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይዋሐዳል፤ የማችለስን ጥራት የለመደ ጆሮ ቅር ይለዋል።

ቶኑ ከኦቨርድራይቩ በፊት መሆኑን የማያውቅ ሰው አምፑን ጭቃ ያደርገዋል። ንጹሑን ለማወፈር ቤዝ 7 ላይ ሲደረግ ያ ሁሉ ቤዝ ወደሚሰነጠቁት ትራዮዶች ይገባል። ቤዝ ከ4 ባይበልጥ፣ ሚድሉ 6 ግድም፣ የጎደለው ቤዝ ከስፒከር ካቢኔው ቢመጣ ይሻላል። ሁለተኛው የሚሳሳቱበት ኦቨርድራይቩ መግቢያ ላይ ውስጥ ያለው ትሪመር (በመፍቻ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ) ነው። ብዙ ከተከፈተ ሁለቱ ቻናሎች በጩኸት አይቀራረቡም፣ እዝዝታውም ይበዛል። ትሪመሩ ሩብ ያህል ብቻ ተከፍቶ ቢጀመር፣ ጌይኑ (የማሳደጉ መጠን) ከፊት ማዞሪያው ቢመጣ ይመረጣል። ፒኤቢ የሚለው የእግር መርገጫ ቶኑን ከመሬት ያላቅቀዋል፤ መሐሉ ገፍቶ ይወጣል፣ ቤዝና ትሬብል ማዞሪያዎቹ ከዚያ በኋላ ምንም አይሉም ማለት ይቻላል። ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ ገዢ አይጠፋም።

አሜሪካ የተገዛው አዲስ አበባ ሲሰካ

ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ የሚላክ አምፕ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ቢያድን እንኳ ሬክቲፋየሩና ፊልተር ካፓሲተሮቹ አደጋ ላይ ናቸው። ሳይታዘዝ በፊት ሠሪውን 220 እና 240 መምረጫ ያለው የኤክስፖርት ፓወር ትራንስፎርመር እንዲያደርግ መጠየቅ ይሻላል። ለ60 ኸርዝ ብቻ ታስቦ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ላይ ያለው ጫና 20 በመቶ ይጨምራል፤ ይሞቃል፣ ይጉረመርማል። ላዩ ላይ 50/60 የሚል ካለ ይህ አያሳስብም።

አምፑ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ቮልቴጁን የሚቀንስ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ነው። ለቪክቶሪያው 300፣ ለሌሎቹ ሦስቱ 500 ቮልት አምፒር የሚችል፣ ውስጡ መዳብና ብረት ያለው፣ ሲነሳ የሚከብድ። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ መቀነሻ ቲዩብ አምፕ ላይ እንዳይሞከር። ብዙዎቹ ትራንስፎርመሮች 220ውን ለሁለት ከፍለው 110 ነው የሚያወጡት። ያ ለ5ኢ3 ዘር ጥሩ ነው፣ የድሮው አምፕ ሲሠራ የነበረው ከዛሬው 120 ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ነውና። መብራቱ ሲደክም ግን 190 ይሆንና መውጫው 95 ይቀራል፤ ቲዩቦቹን የሚያሞቀው የሂተሩ 6.3 ቮልትም ወደ 5 ይወርዳል። ቲዩቦቹ በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ፣ ማለትም ከ5.7 እስከ 6.9 ድረስ ነው የሚታገሡት። ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታቢላይዘር ይግባ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አምፑ ይጥፋ፤ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቮልቴጅ ስለማይታመን ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ነው።

ስፒከር ሳይሰካ አይበራም፤ ሲግናል ከገባበት አውትፑት ትራንስፎርመሩ ውስጡ ይበሳል፣ ከአምፑ ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ለጥገና ሲከፈት ፊልተር ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 400 ቮልት ሊይዙ ይችላሉ። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሁለት የተሸፈኑ ክሊፖች ተይዞ በካፓሲተሩ አዎንታዊ እግርና በሻሲው መካከል አምስት ሰከንድ ያህል ይደረጋል፣ ከዚያ በቴስተር ከ10 ቮልት በታች መሆኑ ይረጋገጣል። የአምፑ ሦስተኛ እግር፣ አርዙ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር አልገባም ተብሎ እንዳይቆረጥ። ከመብራቱ መስመር ያመለጠ ቮልቴጅ ሻሲው ላይ ሲደርስ ፊውዙን የሚያቃጥለው ያ ሽቦ ነው፤ ከሌለ ቮልቴጁ በጊታሩ ክር በኩል መጥቶ ማይክሮፎኑ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ሰው ላይ ይወርዳል።